የማምረቻ መሣሪያና የግብር ቅናሽ፦ ለማን?

እንደሚታወቀው ማንኛውም ኅብረተሰብ ለመኖር ማምረት፣ ለማምረትም የማምረቻ መሣሪያ መያዝ ግዴታው ነው። ይህ የፖለቲካ ኢኮኖሚ ሀሁ ነው። ነገር ግን ይህ ሀሁ ወደ ሕግ፣ ሕጉም ወደ ግብር ሰብሳቢው መስኮት ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ይረሳል። ሦስት ወጣቶች ተደራጅተው አንድ የብየዳ ማሽንና አንድ ቶርኖ ሲገዙ የፈጸሙት ተግባር ፍጆታ አይደለም። ገንዘቡ አልተበላም፤ መልኩን ለውጦ ብረት ሆኗል። ከዚህ ብረት ገና አንድ የበር መዝጊያ ሳይወጣ ግብር መጠየቅ ካልታጨደ ማሳ አሥራት እንደ መጠየቅ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄ መንግሥት ለማምረቻ መሣሪያ የግብር ቅናሽ ያድርግ ወይስ አያድርግ የሚል አይደለም። ቅናሹ በሕጎቻችን ውስጥ አለ። በአንድ አዋጅ ሳይሆን በብዙ አዋጆችና ደንቦች ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ጥያቄው ይህ ቅናሽ የሚደርሰው ለየትኛው አምራች ነው የሚለው ነው። በሰፈር ማኅበር ስብሰባም ሆነ በፋብሪካ የሻይ ዕረፍት ላይ ሊነሣ የሚገባው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የነገው ሠራተኛ የሚቀጠረው ዛሬ በጠባብ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ በቆመው ማሽን ላይ ነውና።

በመጀመሪያ የነገሩን ባሕርይ እንመርምር። ካርል ማርክስ በ«ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ እንዳብራራው አንድ ማሽን ወደ ሥራው ሂደት የሚገባው ሙሉ በሙሉ ነው፤ ዋጋውን ወደ ምርቱ የሚያስተላልፈው ግን እየቆነጠረ ነው። የዳቦ መጋገሪያው ምድጃ ዛሬ ጠዋት በሙሉ አካሉ ሠርቷል፤ ከዋጋው ውስጥ ወደ ዛሬው ዳቦ ያለፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የግብር ሕግ «የእርጅና ቅናሽ» የሚለው ይህንኑ እውነት ነው። ነጋዴው ከዓመቱ ገቢው ላይ የማሽኑን የዓመት ድርሻ ይቀንሳል፤ ግብር የሚከፍለው በቀሪው ላይ ነው። ይህ ሐሳብ የካፒታሊስቱም የሶሻሊስቱም የሒሳብ ሠራተኛ የሚስማሙበት፣ ከጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ማርክስ አክሎ የጠቀሰው ሌላም ጉዳይ አለ፤ ማሽን ሳይሠራበት ቆሞም ያረጃል፣ የተሻለ ዓይነት በገበያ ላይ ሲወጣም ዋጋው ይወርዳል። ኤሌክትሪክ በጠፋበት ቀን የቆመው የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ይህን ከማንም ምሁር በተሻለ ያውቀዋል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979፣ እርሱን ተከትሎ በ2009 ዓ.ም. የወጣውም ደንብ ቁጥር 410 ይህን የእርጅና ቅናሽ በመቶኛ አስቀምጠውታል። በደንቡ መሠረት ኮምፒዩተርና መሰል መሣሪያ በቀጥተኛው ስልት በየዓመቱ 20 በመቶ፣ በዝርዝሩ ለይቶ ያልተጠቀሰ ሌላው መሣሪያ ደግሞ 15 በመቶ ይቀነስለታል። የሊጥ ማቡኪያው፣ ቶርኖው፣ የስፌት መኪናው ሁሉ ከዚህ ከኋለኛው ውስጥ ይወድቃል። በ15 በመቶ ስሌት አንድ ማሽን ዋጋው ተቀንሶ የሚያልቀው በስድስት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የማሽኑ ዋጋ 400,000 ብር ይሁን። ሻጩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ 460,000 ብር ይቀበላል። ገዢው በዚህ ታክስ የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ 60,000 ብሩ የእርሱ ወጪ አይደለም፤ ከደንበኞቹ ከሰበሰበው ታክስ ላይ አቀናንሶ ይወስደዋል። ማሽኑ በእጁ የገባው በ400,000 ብር ነው። ያልተመዘገበው አነስተኛ አምራች ግን የሚያቀናንስበት የለውም። ለእርሱ ያው ማሽን 460,000 ብር ነው። ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ማሽን ገዝተዋል፤ ደካማው 60,000 ብር አብልጦ ከፍሏል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነጥብ አለ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ለምዝገባ ያስቀመጠው ወለል 500,000 ብር ዓመታዊ ሽያጭ ነበር። ወለሉ ከጊዜ በኋላ ከፍ እያለ ሄዶ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ አዋጅ 2 ሚሊዮን ብር ደርሷል። የወለሉ ከፍ ማለት ለትንሹ እንደ ምሕረት ተቆጥሯል፤ በአንድ በኩል ምሕረትም ነው። መዝገብ ከመያዝና በየወሩ ከማስታወቅ አድኖታል። በሌላ በኩል ግን በማሽን ግዢው ላይ የተሸከመውን ታክስ የሚያወርድበትን በር ዘግቶበታል። ነፃ ወጣህ የተባለው ሰው ነፃነቱን የሚከፍለው በመሣሪያው ዋጋ ነው።

ይህ ቅራኔ ሌላ መዘዝ ይወልዳል። ገዢው ታክሱን የማያስመልስ ከሆነ ደረሰኝ የሚጠይቅበት ምን ምክንያት ይኖረዋል? በመርካቶ ሻጩ «በደረሰኝ ከሆነ ይህን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ደግሞ ይህን ያህል» ሲለው በዕቁብ ገንዘብ የቆመው ወጣት የሚመርጠውን ሁላችንም እናውቃለን። ተጨማሪ እሴት ታክስ ራሱን በራሱ የሚጠብቅ ሰንሰለት ነው ይባላል፤ ገዢው ለራሱ ጥቅም ሲል ሻጩን ይቆጣጠራልና። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ታዲያ እዚህ ቀለበት ላይ ነው። መንግሥት ከአነስተኛው አምራች ላይ 60,000 ብር ለማግኘት ሲል ከሻጩ የሚያገኘውን ታክስም የትርፍ ግብርም ያጣል። ያለ ደረሰኝ የተገዛው ማሽን ደግሞ በኋላ የእርጅና ቅናሽ ሊጠየቅበት አይችልም። በግብር መዝገብ ፊት ያ ማሽን አልተወለደም።

ወደ እርጅና ቅናሹ እንመለስ። ከገቢ ላይ የሚቀነስ ቅናሽ ዋጋ የሚኖረው የሚቀነስለት ገቢ ላለው ሰው ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ግብር ከፋይ እርከን 10 በመቶ ነበር፤ የኩባንያ ግብር ደግሞ 30 በመቶ ነው። እንግዲህ አንድ ብር የእርጅና ቅናሽ በዚያ ዝቅተኛ እርከን ላይ ለቆመው 10 ሳንቲም፣ ለኩባንያው 30 ሳንቲም አተረፈ ማለት ነው። ማሽኑ ብረቱ አንድ ነው፣ እርጅናውም አንድ ነው፤ ቅናሹ ግን በዚያ ሠንጠረዥ ለባለ ጠጋው ሦስት እጥፍ ነበር። ማንም ባለሥልጣን ይህን አስቦ አላደረገውም። ሒሳቡ በራሱ ጊዜ የሚሠራው አድልዎ ነው፤ ስለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚያልፈው።

አንዳንድ ወገኖች መፍትሔው የማሽኑ ዋጋ በሙሉ በተገዛበት ዓመት ከገቢ እንዲቀነስ መፍቀድ ነው ይላሉ። ለዚህም የውጭውን ልምድ ይጠቅሳሉ። ልምዱን እንይ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1958 ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሲሉ ባወጡት ሕግ ከ10,000 ዶላር የመሣሪያ ግዢ ላይ 20 በመቶው በመጀመሪያው ዓመት ተጨማሪ ሆኖ እንዲቀነስ ፈቀዱ። ያ ድንጋጌ እየተለጠጠ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2025 ጣሪያው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሆኗል። ለትንሹ ተብሎ የተከፈተ በር ሰፍቶ ሰፍቶ የጭነት መኪና የሚያስገባ ሆነ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ተመሳሳይ ቅናሽ ደግሞ ጣሪያው 50,000 ፓውንድ ነበር፤ በ2010 ወደ 100,000 ወጣ፣ በ2012 ወደ 25,000 ወረደ፣ በ2019 ወደ አንድ ሚሊዮን ተሰቀለ። ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር ትምህርት ላይ በነበረበት ጊዜ መምህራኑ ባለሀብት ከግብር ይልቅ የሚፈራው የማይታወቅ ግብርን ነው ሲሉ ይሰማ ነበር፤ የእንግሊዙን ደረጃ መውጣትና መውረድ ያየ ሰው ይረዳቸዋል። እንግሊዞች ግን ከዚሁ ጋር አንድ ብልህ ነገር አላቸው። በራሱ ስም የሚነግድ አዲስ ነጋዴ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የደረሰበትን ኪሳራ ወደ ኋላ መልሶ ቀደም ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ፣ ለምሳሌ ከቀድሞ ደመወዙ ላይ እንዲያቀናንስ ይፈቀድለታል። ከፋብሪካ ወጥቶ የራሱን ጋራዥ የከፈተ ሠራተኛ ቀደም ሲል ከደመወዙ ከተቆረጠው ግብር ተመላሽ ያገኛል ማለት ነው። ተመላሹ የሚመጣው ገንዘብ በጠፋበት ሰዓት ነው።

ይህ ኋለኛው በሌለበት አገር የፊተኛውን ብቻ መቅዳት ምን ያስከትላል? ከላይ ያየነው አምራች ከእርጅና ቅናሽ በፊት በዓመት 50,000 ብር ያተርፋል እንበል። ማሽኑን 460,000 ብር በሙሉ በመጀመሪያው ዓመት ቀንስ ቢባል የ410,000 ብር ኪሳራ ያስመዘግባል። በ2008ቱ አዋጅ ኪሳራ ሊሸጋገር የሚችለው እስከ አምስት ዓመት ድረስ ነው። ትርፉ ካላደገ በአምስቱ ዓመታት የሚያቀናንሰው 250,000 ብር ነው፤ ቀሪው 160,000 ብር በጊዜ ገደብ ይሞታል። አዝጋሚ በሆነው ስልትም ቢሄድ በየዓመቱ 69,000 ብር ስለሚቀነስለት ከ50,000 ብሩ በላይ ነውና በየዓመቱ 19,000 ብር ኪሳራ ያሳያል፤ አዋጁ ደግሞ ሊሸጋገር የሚችለውን በሁለት የኪሳራ ዓመታት ወስኖታል። በየትኛውም መንገድ ቅናሹ የተጻፈለት ሰው ቅናሹን አይበላውም። ትርፍ የሞላለት ነባር ድርጅት ግን ሁሉንም በጊዜው ይጠቀምበታል። ስለዚህ «ፈጣን ቅናሽ» የሚለው መፈክር ለጀማሪው የሚጠቅም መስሎ ለነባሩ የሚያደላ መሆኑን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል።

ይህም ሁሉ የሒሳብ መዝገብ ለሚይዘው ነው። መዝገብ ለማይዘው ብዙኃን የእርጅና ቅናሽ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። በ2008ቱ አዋጅ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የነበሩት የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የሚከፍሉት በቁርጥ ግምት ነበር። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምቱ ይፋ ሲሆን በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ሱቆች የተዘጉት፣ ሰዎችም አቤቱታ ይዘው የተሰለፉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ገማቹ ወደ ሥራ ቦታ ሲገባ የሚያየው ምንድን ነው? ደብተር የለም፤ የሚታየው ማሽን ነው። አዲስ ማሽን ካየ «እዚህ ቤት ገበያ አለ» ይላል። ማሽኑ በዕዳ የመጣ መሆኑ፣ ገና ሦስት ደንበኛ ብቻ ያለው መሆኑ አይታየውም። እንዲህ ባለ ሥርዓት መሣሪያ መግዛት የግብር ቅናሽ ሳይሆን የግብር ጭማሪ ምክንያት ይሆናል። አምራቹም ማሽኑን ከበስተኋላ ክፍል መደበቅ ይማራል።

በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ሦስቱን ደረጃዎች ወደ ሁለት አምጥቶ፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆኑት ከሽያጫቸው መጠን ላይ እንዲከፍሉ አድርጓል። ቀላልነቱ ጥሩ ነው፤ ከገማች ዓይን ሽያጭ ይሻላል። ነገር ግን በሽያጭ ላይ በሚሰላ ግብር ውስጥ የማሽን ዋጋ ቦታ እንደሌለው መታወቅ አለበት። ዕቃ ገዝቶ የሚሸጠውና ግማሽ ሚሊዮን ብር በማሽን ላይ አፍስሶ የሚያመርተው እኩል ሽያጭ እስካላቸው ድረስ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። እንዲህ ያለው ሚዛን ምርትን ትቶ ንግድን ምረጥ ብሎ ይመክራል። ወጣቱ ምክሩን እየሰማ መሆኑን ለማወቅ በየመንገዱ ዳር የተደረደረውን የውጭ ዕቃ መቁጠር ይበቃል።

ከቀረጥ ነፃ የማስገባት መብትስ? በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270፣ በ2014 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣውም ደንብ ቁጥር 517 በተፈቀዱ የሥራ መስኮች ለተሰማራ ባለሀብት የካፒታል ዕቃን ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ ይፈቅዳሉ። የፊተኛው ደንብ ከአገር ውስጥ አምራች ለሚገዛም ማሽኑ ለተሠራበት ጥሬ ዕቃ የተከፈለው ቀረጥ ተመላሽ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ መልካም ሐሳብ ነው። ታዲያ ይህን መብት ለመጠቀም የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የባንክ ሰነድና የጉምሩክ አስተላላፊ ያስፈልጋል። አንድ የሊጥ ማቡኪያ ብቻ የሚፈልገው ዳቦ ጋጋሪ ስለ አንድ ማሽን ይህን ሁሉ ደጅ አይጠናም። ከአስመጪው ሱቅ ይገዛል፤ አስመጪው የከፈለውን ቀረጥም በዋጋው ውስጥ አብሮ ይገዛል።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ጉዳይ ተጨምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ማሽን የገዛ አምራች የእርጅና ቅናሹ የሚሰላለት በቀድሞው ዋጋ ነው። ማሽኑ ሲያረጅ የሚተካው ግን በአዲሱ ዋጋ ነው። በሕጉ መሠረት ዋጋውን በሙሉ ቀንሷል ይባላል፤ በያዘው ብር ግን የማሽኑን ግማሽ አይገዛም። ትርፍ ተብሎ ግብር ከተከፈለበት ውስጥ አንዱ ክፍል ትርፍ ሳይሆን የማሽኑ ሥጋ ነበር ማለት ነው።

የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥርዓት በ1990 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 103 ተጀምሮ በ2005 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ተከራዩ 20 በመቶውን አዋጥቶ ቀሪውን 80 በመቶ ባንኩ የሚሸፍንበትን አሠራር ዘርግቷል። ቤትና መሬት ለመያዣነት ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ማሽኑ ራሱ መያዣ ይሆናልና። ይሁንና ኪራይ የማሽኑን ዋጋ አያሳንስም፤ የሚከፈልበትን ጊዜ ያራዝማል። የግብሩን ጥያቄ አይመልስም።

ከግምጃ ቤቱ ወገን የሚቀርበውን ክርክር ማቃለል ተገቢ አይሆንም። የአገራችን የግብር ገቢ ከአጠቃላይ አገራዊ ምርት ጋር ሲነጻጸር በቅርብ ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ቆይቷል። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ማሽኑ የሚሠራበት ኤሌክትሪክም የሚገነባው ከዚሁ ነው። ቅናሽ በተከፈተ ቁጥር የሐሰት ጀማሪ እንደሚፈላም ይታወቃል፤ ስሙን ቀይሮ በየሁለት ዓመቱ «አዲስ» የሚሆን አለ፣ ከቀረጥ ነፃ አስገብቶ ሱቅ የሚያወጣ አለ። እነዚህ ሰዎች የሚሰርቁት ከመንግሥት ብቻ አይደለም። በእነርሱ ምክንያት በሩ ሲጠብ የሚቀረው እውነተኛው ጀማሪ ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ቅናሹ መሰጠት ያለበት ከሩቅ በሚመጣ ትርፍ ላይ ሳይሆን በግዢው ቦታና በግዢው ሰዓት ነው። አዲስ የተመሠረተ አነስተኛ አምራች ለማምረቻ ማሽን የከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ለዚህ ታክስ ባይመዘገብም፣ ሕጋዊ ደረሰኝ አቅርቦ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ አንድ ጊዜ ይመለስለት። ያን ጊዜ ደረሰኙ ለገዢው 60,000 ብር ያወጣል፤ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠውም ነጋዴ ገበያ ያጣል። መንግሥት በአንድ እጁ የሚሰጠውን በሌላው ከሻጩ ትክክለኛ ሽያጭ ላይ ይሰበስባል፤ ሙሉውን ባይሆንም ቀላል የማይባለውን። ከሽያጭ ላይ ለሚከፍሉትም የማሽኑ የዓመት ድርሻ ከግብሩ የሚታሰብበት መንገድ ይፈለግ። የሁለት ኪሳራ ገደብም ቢያንስ ለጀማሪው ይላላ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መክሰር የአምራች ባሕርይ እንጂ የማጭበርበር ምልክት አይደለምና።

ቁጥጥሩን በተመለከተ ማሽን እንደ ገንዘብ በኪስ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ቁጥር አለው፣ ድምፅ አለው፣ ኤሌክትሪክ ይበላል። ታክስ የተመለሰበት ማሽን ቁጥሩ ይመዝገብ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ከተሸጠ የተመለሰው ታክስ ከነወለዱ ይከፈል። በዚህ ረገድ የሰፈር ማኅበራት ሊያበረክቱት የሚችሉት አለ። ቶርኖው በእርግጥ የት እንደቆመ፣ ማን እንደሚሠራበት፣ ወይስ ከገባ ሳምንት ሳይሞላው በጭነት መኪና እንደወጣ ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ ተቆጣጣሪ የለም። ማኅበሩ የግብር ጠቋሚ ይሁን ማለታችን አይደለም፤ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ጉዳቱንም አይተናል። ነገር ግን ጀማሪው ራሱ ለቅናሹ ሲያመለክት «ይህ ሰው በሰፈራችን ያመርታል» የሚል የማኅበር ምስክርነት እንዲያያይዝ ቢጠየቅ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ድርጅት ያንን ወረቀት ከየት ያመጣል?